ውኃ የሚደበቅበት ቦታ

የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መሣሪያ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ «እትዬ አፍንጫ» ሲሏት አትቆጣም ነበር። እንዲያውም ደስ ይላታል። ስሙን ያወጣላት የታጠበውን መሣሪያ በጨርቅ ሲጠቀልል የሚውለው፣ በዚሁ ሥራውም «ጠቅላይ» የተባለው ባልደረባዋ ነው።

ከቀዶ ሕክምና የተመለሰው መቀስና መቆንጠጫ በትሪ ተደርድሮ ቁም ሣጥን የሚያህለው ማሽን ውስጥ ይገባል። ይታጠባል፣ በሚያቃጥል ውኃ ይለቀለቃል፣ በመጨረሻም ሙቅ አየር ይነፋበትና ይደርቃል። ያ ሁሉ እንፋሎት ከነሳሙናው ትነት በጣሪያው ቱቦ ተስቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። የሚስበው ማራገቢያ ሲደክም ግን ትነቱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ይህን ከማንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ሌላው ምንም ሳይሰማው ሥራውን እየሠራ፣ አንገቷን ቀና ታደርግና «ማራገቢያው አሞታል» ትላለች። የጥገናው ሰውዬ መጀመሪያ ላይ ይስቅባት ነበር። ኋላ ግን ገና ስትጠራው መሰላሉን ተሸክሞ መምጣት ለመደ።

«ይሄ ማራገቢያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚታመመው?» ይላታል ከላይ ሆኖ።

«አንተን ሲናፍቅ ነዋ!»

አፍንጫዋን የወሰደባት ጉንፋን ነው። እንደማንኛውም ጉንፋን ይዟት ሰነበተ። ሳሉ ለቀቃት፣ ራስ ምታቱም ለቀቃት፤ ሽታ ግን አብሯቸው ሄዶ በዚያው ቀረ። ያወቀችው አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ነው። ባሏ ከመኝታ ቤት በባዶ እግሩ ሮጦ መጣ።

«ኧረ ሴትዮ፣ ቤቱ ሊነድ ነው! ወተቱ!»

ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ከስሏል። እሷ አጠገቡ ቆማ በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከት ነበር።

«አላየሁትም» አለች።

«ማየት ምን ያደርግልሻል? ጎረቤት እንኳ ሸቶታል!»

እሱ ሲወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከታች፣ ከክረምት ልብሶች ሥር፣ የሟች እናቷ ሻርፕ በፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። ሽታው እንዳያልቅባት ብላ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው የምትፈታው። ፈታችውና ፊቷን ቀበረችበት። ጨርቅ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ያለቀው ሽታው ይሁን የእሷ አፍንጫ ማወቂያ አልነበራትም፤ ቶሎ ብላ መልሳ ቋጠረችው።

ለባሏም ለማንም አልተናገረችም። የፈራችው ወደ ሌላ ክፍል እንዳያዛውሯት ብቻ አይደለም። እህቷ ስትሞት ተቀብላ ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ እዚያው ክፍል ከገባች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው፤ ያስገባቻትም እሷ ራሷ ናት። አሁን ልጅቷ ነፍሰ ጡር ሆናለች። ትነቱን ፈርታ ሌላ ሥራ ልፈልግ ስትላት «እኔ እያለሁ አጠገብሽ አይደርስም። አፍንጫዬን ዋስ ሰጥቼሻለሁ» ብላ ያስቀረቻት እሷ ነበረች። ታዲያ አሁን ምን ብላ ትንገራት? ዛሬ ነገ ይመለሳል እያለች፣ በየማለዳው ሳሙናውን እያሸተተች ዝም አለች።

የሆስፒታሉ ጣሪያ ቀለም በሚቀባበት ሰሞን ልጅቷ ትሪ እንደያዘች ቆም አለች።

«እትዬ፣ ዛሬ ምንም አይሸትሽም?»

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ፤ ጉሮሮዬን የሚይዘኝ ነገር አለ።»

ሁሉም ሥራውን አቁሞ እሷን ያያት ጀመር። እንደ ወትሮዋ አንገቷን ቀና አደረገች፤ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበችው። ምንም የለም።

«ምንም የለም» አለች። «ነፍሰ ጡር ስትሆኚ እኮ ግድግዳውም ይሸትሻል።»

«እውነቷን ነው» አለ ጠቅላይ። «የእኔዋ እኔው ራሴ ሸትቻት እስክትወልድ ሶፋ ላይ ነው ያስተኛችኝ!»

ሳቁ፤ ልጅቷም ሳቀች። በማግስቱ ጠቅላይ ራሱ ዓይኑን ሲያሽ ዋለ። እትዬ አፍንጫ የለም ካለች ግን የለም ነውና፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው ብሎ ተወው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ጮኸ፤ እሷም ትሪውን አወጣች። አንድ መቀስ አነሳችና ነጭ ጨርቅ ላይ ከፍታ ዘጋችው። ጨርቁ ረጠበ። ልጅቷን ሥራ ስታስለምዳት ስትደጋግም የነበረው ይህንኑ ነው፦ «ውኃ ተንኮለኛ ነው፤ የሚደበቀው መታጠፊያው ውስጥ ነው።» አንድ መቀስ ቢያጋጥም ምንም አይደል። ሁለተኛውም ግን ረጠበ። ሦስተኛውም። የትሪው ወለል ውኃ ተረጭቶበት ያደረ ይመስላል። ቀና ስትል ከማሽኑ በላይ ያለው ግድግዳ አልቦታል።

ሙቁ አየር ቢነፋም እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ምኑን ያደርቃል? መውጫ ካጣስ የት ይሄዳል?

ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት። አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ የሌላውን እጇን ክንድ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ማሽኑን ተደግፋለች።

እትዬ አፍንጫ ማሽኑን አጠፋችው።

«ውጡ። ሁላችሁም ውጡ። አንቺ ቅደሚ!»

«ምን ሸተተሽ?» አለቻት ልጅቷ ደንግጣ።

«ምንም። እሱ ነው ችግሩ። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም ሸቶኝ አያውቅም፤ ትናንትም ዋሽቼሽ ነው። ውጪ፣ እናቴ፣ ውጪልኝ።»

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር የልጅቷን ክንድ ይዛ ቀጥታ ወደ ሐኪም ወሰደቻት። የጥገናው ሰውዬ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀለም የተንጠባጠበበት ፕላስቲክ ይዞ ወረደ። ቀለም ቀቢዎቹ ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብለው የቱቦውን አፍ አስረውት፣ ሲጨርሱ ሳይፈቱት ሄደዋል። ፕላስቲኩን እትዬ አፍንጫ እግር ሥር አስቀመጠው። ያን ቀን ቀልድ አልመጣለትም።

እሷ የሐኪሙ በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። በሩ ሲከፈት ቀና አላለችም፤ የልጅቷን ጫማ ብቻ አየች።

«ልቡን አሰሙኝ» አለች ልጅቷ። «ፈረስ ነው የሚመስለው፣ ሲጋልብ። ደህና ነው አሉኝ፤ እኔም ደህና ነኝ።»

አክስት አፏን በጓንቷ ያዘች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍንጫ ከሌለኝ ምን ልሁንልሽ?»

ልጅቷ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ አንቺን የተከተልኩት ለአፍንጫሽ ነው እንዴ?» አለች። «ተናድጃለሁ። ቤት እስክንደርስ እንዳታናግሪኝ።» እንዲህ ብላ ክንዷን በአክስቷ ክንድ ውስጥ አስገባች፤ እንደዚያው ተያይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ልጅቷን እስክትወልድ ንጹሕ ጨርቅ ወደሚቀመጥበት ክፍል አዛወረቻት። ጣሪያው ላይ ካለው የማራገቢያው ወንፊት አጠገብ ቁስል የሚታሸግበት ስስ የጎዝ ጨርቅ ቁራጭ ተንጠለጠለ። ማራገቢያው ሲስብ ጎዙ ወደ ላይ ተስቦ ይለጠፋል፤ ሲደክም ይወድቃል፤ ማንም ያየዋል። መሰላሉ ላይ ወጥታ ያሰረችው እትዬ አፍንጫ ራሷ ናት፤ መሰላሉን የያዘላት ደግሞ የጥገናው ሰውዬ። ጠቅላይ «እትዬ ጎዝ» ሊላት ሞክሮ አልያዘለትም።

ልጁ ከተወለደ በኋላ በአንዱ የዕረፍት ቀን ገላውን አጠቡት። ልጅቷ በፎጣ ጠቅልላ አበሰችውና ሸሚዙን ልታጠልቅለት ስትል አክስቷ «ቆይ» አለቻት። ከወፍራሟ አገጩ ሥር ጣቷን አስገብታ የአንገቱን እጥፋት ገለጥ አደረገች። አንዲት ጠብታ ቁጭ ብላለች።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «መታጠፊያው ውስጥ ነው የሚደበቀው።»

አክስት በፎጣው ጫፍ ቀስ ብላ አደረቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አናቱ ላይ አፍንጫዋን አሳረፈች። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ እንዲያ ሲያደርግ ስታይ ነው የሰነበተችው። የሕፃኑ ሙቀት ፊቷን ነካው፤ ከዚያ ሌላ ምንም። ቀና ስትል ልጅቷ እያየቻት ነበር።

«ልንገርሽ?»

አክስት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ልጅቷ የልጇ ፀጉር ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆየች። «ወተት ወተት ይላል» አለች። «ትንሽ ደግሞ፣ ከውጭ ተሰጥቶ የገባ ልብስ አለ አይደል? ፀሐይ የመታው? እንደሱ።»

አክስት ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት።

«ደሞስ?» አለች።

«ቆይ» አለች ልጅቷ፤ እንደገና ጎንበስ አለች።