እትዬ ኬዝያ ስማቸውን ያተሙባት የብስኩት መጽሐፍ

የለንደን ድልድይ ያን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሱቅና መኖሪያ ነበር። እኔና ባሌ መርፌ እንሸጣለን፤ ከጎናችን የእትዬ ኬዝያ ስትሮድ መጽሐፍ ቤት ነው። ባላቸው በፈንጣጣ ሲሞቱ ዘመዶቻቸው «ሱቁን ሽጪና ገጠር ግቢ» ቢሏቸው፣ ባላቸው በተቀበሩ ማግስት በሩን ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ባሳተሙት መጽሐፍ ሁሉ ግርጌ «በድልድዩ ላይ፣ ሦስት ዓሣ በተሳለበት ሱቅ፣ በኬዝያ ስትሮድ አሳታሚነት ታተመ» የሚል ቃል ይገባል።

የሚያሳትሙት ለሊቃውንት አልነበረም። ፊደል ማስቆጠሪያ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የምግብ አሠራር፣ ለመርከበኛ የከዋክብት መንገድ። ትልልቆቹ መጽሐፍ ሻጮች «የዓሣ ነጋዴዎች አሳታሚ» እያሉ ያሽሟጥጧቸዋል።

«ዓሣ ነጋዴስ ዓይን የለውም?» ይላሉ እሳቸው።

አንድ ቀን አሞስ ቱሊ የሚባል መርከበኛ መጣ። ጌድኒ የተባለ ነጋዴ ለመርከባቸው ያቀረበው ብስኩት ነቀዝ የበላው ነበርና፣ ጓደኞቹ ሆዳቸውን እየያዙ ባሕር ላይ አልቀዋል።

«ይታተም፤ ግን ስሜ ከወጣ አለቆቼ በጅራፍ ይገሸልጡኛል» አለ።

«የኔ ስም ይበቃል። ተቀመጥና ብላ» አሉት።

ትኩስ የዓሣ ቂጣ እየበላ ነገራቸው፤ እሳቸው ጻፉ። ትንሿ መጽሐፍ በወጣች ሳምንት ወደቡ ሁሉ ስለ ጌድኒ ብስኩት ያወራ ጀመር።

ጌድኒ ደግሞ ከላይ ሰው ነበረው። ሁለት የመንግሥት መልእክተኞች ከተፍ አሉ።

«ወይዘሮ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«ማንበብ አትችሉም እንዴ? ከታች ስም አለ።»

«እሱ የአሳታሚዋ ነው!»

«ታዲያ እሷን አግኝታችኋል። ሌላ ማን ትፈልጋላችሁ?»

ይዘዋቸው ሲሄዱ እየሮጥኩ ተከተልኩ። «እትዬ፣ ምናለ ተናግረው ቢገላገሉ? ለማያውቁት መርከበኛ ብለው ነው?»

«ቀስ በይ አንቺ! ሰው እየሰማሽ ነው። ይልቅ ሱቁን ዝጊልኝ።»

ክረምቱን እስር ቤት አሳለፉት። ከሱ፤ አሳላቸው፤ የአሞስ ስም ግን ከአፋቸው አልወጣም።

በጸደይ፣ የጌድኒን ስም በሐሰት አጥፍተዋል ተብለው ችሎት ቀረቡ። ጌድኒ ሐር ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ዳኛው የሚሉት እንዳለ ሲጠይቋቸው፣ እትዬ ኬዝያ ከሽርጣቸው ኪስ አንድ ብስኩት አወጡ። ከጌድኒ መጋዘን ዕቃ የሚያመላልስ ጀልበኛ ነው የሰጠኝ፤ እስር ቤት ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ።

«ይህ የእኚህ ጌታ ብስኩት ነው። ዋሽቼ ከሆነ እሳቸው ይብሉትና እኔ ይፈረድብኝ።»

ዳኛው ሊያስቆሟቸው ሲሉ ጌድኒ ተነሣ። ኩራቱ መቼ ያስቀምጠዋል! «አምጪው!» ብሎ ነከሰ። ቀጭ ሲል እኔ ከኋላ ሰማሁ። አኘከ፣ አኘከ። በእጁ ከቀረው ግማሽ አንድ ነቀዝ ወጥታ በነጩ እጅጌው ላይ ሽቅብ ትሄድ ጀመር። ጌድኒ አያት፤ መንጋጋው ቆመ። አይውጥ፣ አይተፋ!

ከሕዝብ ተመርጠው ለፍርድ ከተቀመጡት ዐሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ፣ አይብ ሻጩ፣ «ይዋጡት እንጂ ጌታዬ!» ሲል ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዐሥራ ሁለቱ ሊመክሩ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። «ጥፋተኛ አይደለችም» አሉ። ዳኛው ፊታቸው ቀልቶ «እንደገና አስቡበት» ቢሏቸው፣ «አስበናል» ብለው ቁጭ።

ጀልበኞቹ እትዬ ኬዝያን በወንዙ አመጧቸው። እኛ የድልድዩ ሴቶች ከየመስኮቱ ሻሽ እያውለበለብን ጮኽን። እሳቸው ግን ገና ከጀልባ ሳይወርዱ «ወረቀት የሚያመጣልኝ ማነው?» አሉ። ያቺኑ መጽሐፍ እንደገና አሳተሙ፤ ስማቸውን ከግርጌ አንሥተው ከላይ፣ በትልልቅ ፊደል።

«እትዬ፣ አሁንስ አልበዛም?» አልኳቸው።

«መልእክተኞቹ ዓይናቸው ደካማ ነው ብዬ ነው።»

ጌድኒ ብስኩት ማቅረቡን ተነጠቀ። አሞስ ከባሕር በደኅና ተመልሶ ሱቁ ደጃፍ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። «ግባ ወይ ውጣ፣ ገበያዬን አትዝጋ» አሉት። ገብቶ እጃቸውን ሳመ።

እኔም ሰው «ማን ነሽ?» ሲለኝ፣ የመርፌ ሻጩ ሚስት ነኝ ማለቱን ትቼዋለሁ። «የኬዝያ ስትሮድ ጎረቤት ነኝ» እላለሁ።