ለጠበቀና ለላላ ፊደል የተከፈለ ሽልማት

ቆቦ ውስጥ ኮምፒውተር ሳስተምር የቅርብ ጓደኛዬ የሥነ ዜጋ መምህር ነበር። በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት ዓይኑን አጥቷል። እኩዮች ነን፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የሁለታችን ነበር። በእርዳታ ያገኘውን አሮጌ ላፕቶፕ ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ለፈቃድ የምንከፍለው ስላልነበረን፣ ማንም በነጻ አውርዶ የሚጠቀምበትን፣ ኮዱም ለፈለገ ሁሉ ክፍት የሆነውን ሲስተም ጫንኩለት። ከሱ ጋር ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። አማርኛም ይሞክራል።

ይሞክራል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀው ፊደልና የሚላላው አይለይም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ማሽኑ ግን ሁሉንም ያላላል። የገናን በዓል «ገና ነው» እንደምንለው ገና ያደርገዋል፤ ሰፊ ሜዳን ልብስ ሰፊ አድርጎ ያነበዋል። አንድ ቀን ጓደኛዬ የትምህርት ማስታወሻውን ሲያስነብብ «መብቱ የተነካበት ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ይከሳል» የሚለው ላይ ደረሰ። ማሽኑ «ሳ»ን አላላውና ሰውየው ክስ በመመሥረት ፈንታ ፍርድ ቤት ሄዶ ሥጋው የሚያልቅ ሆነ።

«እውነቱን ነው» አለ የሒሳብ መምህሩ። «ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው መክሳቱ መች ይቀራል!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጓደኛዬም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ እየሳቅን ቆየን። አንዱን ገጽ ለመረዳት ሦስት ጊዜ መስማት እንዳለበት ግን ነግሮኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፕሮግራሙን ገጽ በስልኬ ስመለከት አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። ፕሮግራሙን የሚወዱ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ባልተፈቱ ችግሮች ላይ ሽልማት አስቀምጠዋል፤ መፍትሔውን ጽፎ ያስገባና ሥራው ተቀባይነት ያገኘ ይከፈለዋል። ከተዘረዘሩት ችግሮች አንዱ የአማርኛው ንባብ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ብር ሲመነዘር ግን ከብዙ ወር ደሞዜ ይበልጣል።

ለጓደኛዬ ስነግረው ብዙም አላሰበበትም። «ኮዱን አንተ ጻፍ፤ ጆሮው ከእኔ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ስንጨርስ ሌሎቹ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኛ እንቀራለን። እኔ የቃሉን ዓይነትና አጠገቡ ያሉትን ቃላት አይቶ የቱ ፊደል እንደሚጠብቅ የሚወስን ደንብ እጽፋለሁ፤ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል።

«ላልቷል፤ አጥብቀው።»

አጠብቀዋለሁ።

«አሁን ደግሞ አበዛኸው። የተቆጣ ሰው አስመሰልከው።»

መብራት ሲጠፋ እሱ ቃላቱን በአፉ እያለ፣ እኔ በደብተር እመዘግባለሁ። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ውስጥ የሰማውን፣ ገበያ ላይ ሰው ሲከራከር የያዘውን ቃል በቃሉ አጥንቶ ይመጣል። እኔ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ሆኖ ሳለ፣ ከሱ ጋር እስክሠራ ድረስ በቀን ስንት ጊዜ እንደማጠብቅ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

አራት ወር ፈጀብን። ሥራውን ሳስገባ ቅጹ የሠሪውን ስም ጠየቀኝ፤ የኔን ጻፍኩ። ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከሥሩ ግን ሰፊ የማብራሪያ ቦታ ነበር፤ እሱን ባዶውን ተውኩት።

ሥራው ተቀባይነት አገኘ፣ ገንዘቡም በባንክ ገባ። ለጓደኛዬ የምሥራቹን ነግሬ የታረመውን ፕሮግራም ጫንኩለት፤ እንኳን ደስ ያለን አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቃል ይዞ መምጣቱን ተወ። ጠረጴዛችን ላይ ይቀመጣል፣ ሰላም ይለኛል፣ በቃ።

ቅዳሜ ግማሹን ብር በፖስታ አድርጌ ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ ናት፤ ወላጆቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ የነገዱ ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ሰላምታዋ ረጅም ነው። ያን ቀን «ግባ፣ ውስጥ አለ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ፖስታውን እጁ ላይ አኖርኩለት።

«ግማሹ ነው» አልኩ።

«አመሰግናለሁ» ብሎ ኪሱ ከተተው። «እወስደዋለሁ። ሠርቼበታለሁ፤ እምቢ ብዬ የምግደረደርበት ምክንያት የለኝም።»

ቀለል አለኝ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«አዲሱን ፕሮግራም እንደጫንክልኝ መጀመሪያ ያስነበብኩት ምን መሰለህ? የሠሩትን ሰዎች ዝርዝር። ማሽኑ ስምህን ጥርት አድርጎ ጠራው። የኔን ጠበቅሁ። ዘለለው ይሆናል ብዬ ደግሜ አስነበብኩት።»

«ቅጹ ለአንድ ሰው ነበር» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እያነበበልኝ፣ ሰው እየጻፈልኝ አመስግኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ እኔ ለሌላ ሠራሁ። ይህንን ብር አይከፍለውም፣ ወንድሜ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ባለቤቱን ጠርቶ ሻይ እንድታመጣልን ነገራት።

ሰኞ የጓደኛዬ ስም እንዲጨመር ለፕሮግራሙ ኃላፊዎች ጻፍኩ። ሌላው ሰው የጻፈው ኮድ የቱ ነው ብለው መለሱልኝ። ኮድ አልጻፈም፤ የትኛው ትክክል፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ የወሰነው ግን እሱ ነው፣ እኔ የጻፍኩት እሱ የሰማውን ነው አልኳቸው። ያንን ማብራሪያ ስጽፍ ሁለት ገጽ ሞላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ደውዬ ስነግረው «ሰምቻለሁ» አለኝ። ቀድሞኝ አስነብቦት ነበር።

ቂም አልያዘብኝም፤ የድሮው ጨዋታችን ግን ቶሎ አልተመለሰም። እኔን ከስሙም በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ማሽን ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ፣ ጓደኛዬ ጆሮ ውስጥ እየተሳሳተ እኔ ስቄ አልፌዋለሁ። ችግሩን ማስተካከል እንደምችል የታየኝ አንድ የማላውቀው ሰው ገንዘብ ሲያስቀምጥበት ነው። ሽልማቱን አልነቅፈውም፤ ባይኖር ሥራው እስከ ዛሬ አይጀመርም ነበር። ግን ይህን ማወቄ ራሱ ደስ አይለኝም።

ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ከቆቦ ብዙም ወደማትርቀው ሮቢት ከተማ ተዛወረ። አሁን የተማሪዎቹን የቤት ሥራ በፋይል ተቀብሎ ያለ ሰው እርዳታ ያርማል። አልፎ አልፎ ማሽኑ የሚስታቸውን ቃላት በድምፅ ቀርጾ ይልክልኛል፤ በተለይ የሰው ስም ሲያነብ አሁንም ያበላሻል። ለዚህ ሽልማት ያስቀመጠ የለም። በወር ሁለት እሁድ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ እሱ ስም ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የስሞቹ ደንብ እስካሁን አልተገኘልንም።