በግድግዳው ቀዳዳ የገባ ጧፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በግድግዳ ቀዳዳ ነበር። የተራኪዋን ፊት እያየሁ የሰማሁበት ቀን ጥቂት ነው። ኮልፌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ለአራት ተከፍሎ አራት ቤተሰብ ይኖርበት ነበር፤ የእኛ ክፍል የመጨረሻዋ ነበረች። አባቴ ወታደር ነበር፤ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ አስካለ ጦር ኃይሎች አካባቢ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ ክረምት፣ ጠዋት ስትወጣ እኔንና ታናሽ እህቴን ትዕግሥትን ውስጥ ትታ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፍብን ነበር። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ትዕግሥት አራት።

እማዬ ክፉ እናት አልነበረችም። በሰፈሩ እንደዚያ የምታደርገውም እሷ ብቻ አልነበረችም። መኪና ይገጫቸዋል ትላለች፣ የሞላ ወንዝ ይወስዳቸዋል ትላለች፣ ሰው አታሎ ይወስዳቸዋል ትላለች። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራው ነበር። በሩን ከዘጋች በኋላ ታማትብና «እመቤቴ፣ አደራሽን» ትላለች፤ ከዚያ ጓጉንቸሩን ሁለት ጊዜ ጎተት ጎተት አድርጋ መያዙን ታረጋግጣለች። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግሯ ኮቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ።

ከግድግዳው ወዲያ እማሆይ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ቆባቸው ከፀሐይ ብዛት ቀለሙን የለቀቀ፣ ቀጫጫ ሴት ነበሩ። በሁለታችን ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ፣ በማገሩና በማገሩ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። አመሻሽ ላይ፣ እማዬ ሳትመጣ፣ የሚያነዱት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ በዚያ ቀዳዳ ይመጣል፤ ዓይኔን ባስጠጋ የፍማቸውን ቅላት አያለሁ፣ ፍሙ አጠገብ ደግሞ ጉልበታቸውንና እጃቸውን። እማዬ እሳት እንዳንነካ ስለከለከለችን፣ መብራትም ስላልነበረን፣ ያኔ የእኛ ብርሃን ያ ቀዳዳ ነበር።

እማሆይ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ይመታሉ። እኛ ሁለት ጊዜ እንመልሳለን። ተረቱ ይጀመራል።

አንድ ጠዋት እማዬ ስትቆልፍ እማሆይ በራፋቸው ላይ ቆመው የተናገሩትን ከውስጥ ሰምቻለሁ።

«አስካለ፣ ልጆቹን ለእመቤቴ አደራ ሰጠሽ። ቁልፉን ግን ይዘሽባት ልትሄጂ ነው። በየት በኩል ትግባላቸው?»

«አይቀልዱ እማሆይ።»

«ለእሷ ባትሰጪ ለእኔ ስጪኛ።»

«እርስዎ ይረሳሉ። ጥለውት ቢሄዱስ?»

«የት እሄድልሻለሁ? እግሬ ከቤተ ክርስቲያን ወዲያ መንገድ አያውቅ!»

እማዬ ሳቀች። ቁልፉን ግን አልሰጠችም።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ያልረሳሁት የዶሮዋን ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች፤ ያላት ሀብት አንዲት ዶሮ ነች። ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል አስታቀፈቻትና «ጌታዬ፣ አደራ፣ አንተ አስፈልፍልልኝ» ብላ ጸለየች። ጸልያ ወጣች፤ ግን ደጁ ጋ ስትደርስ ልቧ አላስቀምጥ አላት። ተመልሳ ዶሮዋን ብድግ አድርጋ አየች። ጠዋት አየች፣ እኩለ ቀን አየች፣ ስትተኛም አየች። ቀኑ ሲደርስ ዕንቁላሎቹ ቀዝቃዛ ድንጋይ ሆነው ቀሩ። «ምነው ጣልከኝ?» ብላ ብታለቅስ፣ «እኔማ አሙቄ ይዤልሽ ነበር፤ እያነሳሽ ያቀዘቀዝሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ትዕግሥት አፏን ቀዳዳው ላይ አስጠግታ «ዶሮዋ አትነክሳትም?» አለቻቸው።

እማሆይ ሳቁ፤ ሳቃቸው ከጭሱ ጋር ወደ እኛ መጣ። «ትነክሳታለች እንጂ! ሴትዮዋ ግን እጇ እየደማም ታነሳት ነበር።»

ያኔ የገባኝ ዶሮዋ መንከሷ ብቻ ነበር።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ አላባራ አለ። እማዬ የምትመጣበት ሰዓት ደርሶ አለፈ። ጨለመ። ትዕግሥት ማልቀስ ጀመረች። እኔም ፈራሁ፤ ወንዙ ወስዷታል፣ መኪና ገጭቷታል፣ እኛም እዚህ እንደተቆለፈብን እንቀራለን እያልኩ። እማሆይ ለቅሷችንን ሰምተው ወደ ግድግዳው መጡ። ተረት ነገሩን፤ ትዕግሥት ግን ዝም አልል አለች። በመጨረሻ አንድ ጧፍ አብርተው በቀዳዳው አሳለፉልኝና ጫፉን እዚያው ጭቃው ላይ እንድተክለው ነገሩኝ።

«እዚያው ይቁም። ከቦታው አታንሺው፣ ሰማሽ? ካለበት ሆኖ ያበራላችኋል። እኔ እስከዚያ ጸሎቴን ላድርስ።»

«እሺ እማሆይ» አልኩ።

ትዕግሥት ብርሃኑን እያየች እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን አላስቻለኝም። በበራችን ሥር ክፍተት ነበር፤ እማዬ ስትመጣ መጀመሪያ የሚታየኝ እግሯ ነው። ደጁ ጨለማ ስለነበር ጧፉን ይዤ ብሄድ የማያት መሰለኝ። ነቅዬ ወሰድኩት። በደረቴ ተኝቼ በሩ ሥር አየሁ፤ ጭቃና ውሃ ብቻ ነው። ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሄድኩ። ሦስተኛ ጊዜ ይሁን አራተኛ እንጃ፣ ንፋስ እንዳያስገባ በሩ ላይ የለጠፍነው ጋዜጣ እሳት ያዘ።

እሳቱ የያዘው ያለንን አንድ መውጫ ነበር። ጩኸቴን የሰሙ ጎረቤቶች በሩን ከውጭ ሲመቱት፣ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሲቀጠቅጡት ይሰማኛል፤ አልከፈት አላቸው። ጭሱ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ትዕግሥትን ጎትቼ ወደ ቀዳዳው ሄድኩ፤ ሌላ የማውቀው ቦታ አልነበረም። ወዲያው ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። እማሆይ በዘነዘና ይንዱት ነበር። እኒያ ጉልበት ያልነበራቸው ሴትዮ ጭቃውን አፍርሰው፣ ማገሩን በእጃቸው ሰብረው፣ መጀመሪያ ትዕግሥትን፣ ቀጥሎ እኔን በጭንቅላታችን በኩል ጎትተው አወጡን። ትከሻዬ ላይ ማገሩ የቧጠጠኝ ጠባሳ ዛሬም አለ።

ጎረቤቶች እሳቱን በውሃ አጠፉት። እማዬ ስትደርስ የማልረሳውን ነገር አየሁ። እማሆይ በራፍ ላይ ቆመን «እማዬ!» እያልናት፣ እሷ አልሰማችንም፤ ግማሹ በተቃጠለው በር ፊት ተንበርክካ ጓጉንቸሩን በቁልፍ ትከፍት ነበር።

ካቀፈችን በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እሳት ማን ሰጣችሁ?» የሚል ነበር።

«እማሆይ ናቸው የሰጡኝ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። አታንሺው እንዳሉኝ ግን አልተናገርኩም፤ እንዳነሳሁትም አልተናገርኩም። እማዬ ዞራ ጮኸችባቸው። ሁልጊዜ «እርስዎ» የምትላቸውን ሴት ያን ቀን «አንቺ» አለቻቸው። «አንቺ አሮጊት፣ ልጆቼን ልትፈጂያቸው!» አለች፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ። እማሆይ ወደ እኔ ተመለከቱ። ጠበቁኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ የደማ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉና «ልጆቹ ደህና ናቸው። ተመስገን» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ እማዬ ግድግዳውን በጭቃ መረገችው። ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳ አላስቀረንም።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለብዙ ምሽቶች፣ አዲሱ በር እንደተቆለፈብን፣ እማዬ ሳትመጣ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሦስት ጊዜ ይመታ ነበር። ትዕግሥት እጇን ስታነሳ ያዝኳት። ከመለስኩ ማውራት ሊኖርብኝ ነው፤ ካወራሁ እውነቱን። እማሆይ በየምሽቱ ይመታሉ፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ይተዋሉ። አንድ ምሽት ሳይመቱ ቀሩ። ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ ጎጃም ወስደዋቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአቴን ተናዝዣለሁ። ይህን ግን እንዴት እንደምጀምረው ስለማላውቅ ዘልዬው ነው የኖርኩት።

አሁን ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል። አየር ጤና አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ትዕግሥት አግብታ ክፍለ ሀገር ነው ያለችው። እኔና እማዬ እዚያው ኮልፌ፣ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እማዬ መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን ጦር ኃይሎች ፌርማታው ላይ፣ በዝናብ በስብሳ፣ ልብስ የምታጥብባቸውን ቤቶች ስትጠይቅ ሰዎች አገኙልኝ። በዚያው ሳምንት ጓጉንቸር ገዛሁ።

ጠዋት ስወጣ አማትቤ «አደራሽን» እላለሁ። ጓጉንቸሩንም ሁለት ጊዜ እጎትተዋለሁ። እንደዚያ እንደማደርግ ያስተዋልኩት ከብዙ ወር በኋላ ነው፤ ካስተዋልኩ በኋላም አልተውኩትም። ሥራ ላይ ሆኜ መድኃኒት እያቀበልኩ ሐሳቤ በሩ ሥር በደረቱ ተኝቷል። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ስንት ጊዜ «ቁልፉን ተዪልኝ፣ ቀን ቀን ገብቼ አጫውታቸዋለሁ» ብለውኛል። «አይ እትዬ፣ እንዳላስቸግርዎት ነው» እላቸዋለሁ። እውነቱ ማመን አለመቻሌ ነው፤ እሳቸውንም፣ አደራ የምሰጣትን እመቤቴንም።

ባለፈው ሐሙስ ስመለስ በሩ ከውስጥ ይፋቅ ነበር።

«ማነሽ? እባክሽ ክፈቺልኝ» አለች እማዬ፤ አላወቀችኝም። «ልጆቼን ቆልፌባቸው መጥቻለሁ። ቁልፉ ጠፋኝ። ቤት ውስጥ እሳት አለ፣ ክፈቺልኝ ልድረስላቸው።»

ጓጉንቸሩን ለመክፈት ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላስታውስም። ስገባ ጥፍሯ ደምቷል፣ በአንድ እጇ አንገቷ ላይ ማተቧን እየዳሰሰች ቁልፍ ትፈልጋለች። እጇን በውሃ እያጠብኩላት፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት የያዝኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«እማዬ፣ ጧፉን ከቀዳዳው የነቀልኩት እኔ ነኝ። እማሆይ አታንሺው ብለውኝ ነበር።»

ዓይኗ ለአፍታ የድሮው ሆነ።

«ሰሙ በሩ ሥር ተንጠባጥቦ ነበር» አለችኝ። «አይቼዋለሁ። ሰው ሳያየው በጥፍሬ ፋቅኩት።»

ከዚያ ልጆቹ እራት በልተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። በልተዋል አልኳት።

ያን ሌሊት የዶሮዋን ተረት አሰብኩ። እኔ እጄን ደበቅኩ፣ እማዬ ሰሙን ፍቃ ቁልፏን ደበቀች፣ እማሆይ የሁለታችንንም ጥፋት ተሸክመው ሄዱ። ግድግዳውን አብረን ስንመርገው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በማግሥቱ ቁልፉን ለእትዬ ሙሉ ሰጠኋቸው። «አሁን ገና!» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። ፋርማሲ ደርሼ እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ጊዜ ደወልኩላቸው። በሦስተኛው ተቆጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ናቸው አልኩሽ እኮ! ተረት እየነገሩኝ ነው፤ በደወልሽ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምሩልኛል።»

«ምን ዓይነት ተረት?»

«የዶሮ ነው። ዝጊው በይ!»

ዘጋሁት። እማዬ ያን ተረት በግድግዳው በኩል መቼ እንደሰማችው አላውቅም፤ እኛ ተኝተን ይሆናል። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እጄ ተመልሶ ሄደ፤ መሳቢያውን ነካ፤ እዚያው ቆየ። ከዚያ የሚጠብቀኝን ሰው «ምን ልርዳዎት?» አልኩት።