የእትዬ ዘነቡ የጤፍ ሙልሙል

ልጅ እያለሁ ከዓመት በዓል ሁሉ አብልጬ የምወደው ቡሄን ነበር። ቁስቋም ሰፈር በነሐሴ ጭቃ መካከል ጅራፍ መጮህ ሲጀምር እኔ ከቤት የሚይዘኝ አልነበረም። ከየጓዳው የሚወጣው የትኩስ ሙልሙል ሽታማ አይነሣ! ከሰፈሩ ልጆች ግጥም አውራጁ እኔ ነበርሁ። ድምፄ ከሰውነቴ ይበልጣል ይሉኝ ነበር፤ ሰውነት የሚባል ነገርስ መቼ ነበረኝ።

እግሬ ጭራሮ፣ ሆዴ ከበሮ ነበር። ዳቦ በበላሁ ቁጥር ሆዴን ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ያስቀምጠኛል። እናቴ ወስፋት ነው ብላ የዱባ ፍሬ አበላችኝ፣ ጠበል አስጠመቀችኝ፤ ጎረቤቱ ቡዳ ነው አለ። በመጨረሻ ሆስፒታል ብዙ ከተመላለስን በኋላ አንዲት ሐኪም ሕመሜ ሴሊያክ እንደሚባል ነገረችን። ስንዴና ገብስ አንጀቴን እያቆሰሉት ስለሆነ ዕድሜ ልኬን ትንሽም ብትሆን እንዳልቀምስ አስጠነቀቀች። እናቴ ፈራ ተባ እያለች "ጤፍስ?" ብላ ጠየቀቻት። "ጤፍማ እንደ ልቡ ይብላ" ስትላት እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች የልጅ ልጅ ያየች መስሏቸው እንኳን ደስ አለሽ አሏት።

ጃናሞራ ተወልዶ ገብስ በልቶ ላደገው አባቴ ግን ነገሩ መርዶ ነበር። "ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ሲሉን አድገን፣ ምነው ንጉሡ በልጄ ላይ ጨከነ?" እያለ በሶውን ለዘመድ አደለው። እኔም መጀመሪያ ላይ አርፌ አልተቀመጥሁም። ከእህቴ ዳቦ ቆርሼ እሰርቅና ማታ ሆዴን ይዤ ሳለቅስ፣ እናቴ "እንደ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" ትለኝ ነበር። ካቆምሁ በኋላ ግን ጉንጬ ሞላ። የቁስቋምን አቀበት በሩጫ ስወጣው ያዩኝ ሰዎች የማን ልጅ ነው እስኪሉ ድረስ!

እንዲህ አምሮብኝ ሳለ ቡሄ መጣ። እናቴ "ጨፍር፣ ዳቦው ግን በእጅህ እንዳይገባ" አለችኝ። ጓደኞቼ የእኔ ድርሻ ለእነሱ ሊሆን ስለሆነ አዘንልህ እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ደግሞ ከዓለም ሁሉ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔ የሆነ፣ ሳልፈራ የምገምጠው ሙልሙል። ተስፋዬ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። የክርስትና አባቴ ባለቤት ናቸው፤ በእኛ ወግ ደግሞ የክርስትና ልጅ በቡሄ ሙልሙሉ አይቀርበትም። "ባዶ እጁን ብሸኘው በሰማይ ቤት ምን ብዬ እመልሳለሁ?" ብለው፣ ያለ ስንዴ በጤፍ ብቻ እንደሚጋግሩልኝ ምለው ነበር።

የዚያን ቀን ሌላውን ቤት እንዴት እንደጨፈርሁት አላስታውስም። እትዬ ዘነቡ ደጅ ስንደርስ ግን ዱላችን መሬቱን አንቀጠቀጠው። ወጡ። ጠቆር ያለች፣ የምታምር ሙልሙል በእጄ አስጨበጡኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋት ከኋላ የተከተለችን እናቴ "እትዬ፣ ምንም አልጨመሩበት?" አለች።

"ኧረ ምንም! ጤፉ አልያያዝ ቢለኝ ለመያዣ ያህል አንድ ጭብጥ ስንዴ ጣል አደረግሁበት እንጂ።"

እናቴ ሙልሙሏን ከእጄ መነተፈችኝ። እትዬ ዘነቡ አፋቸውን ይዘው "የቁርባን እህል አይደል እንዴ፣ በጭብጥ ምን ይሆናል ብዬ ነው እኮ" አሉ። እኔ እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ግን ቶሎ ነቁ። ሙልሙሏን ከእናቴ ተቀብለው ለልጆቹ ወረወሩላቸውና ነጠላቸውን አደግድገው "ማንም ከዚህ ደጅ ንቅንቅ እንዳይል! ሌላ እስክጋግር አንተ ግጥምህን አውርድ" አሉኝ።

እንዲያ ያለ ጭፈራ ቁስቋም አይታ አታውቅም። እናቴ ምጣዱን አጥባ ፈተገች፤ እትዬ ዘነቡ ጤፉን በተልባ ውሃ ማቡካት ጀመሩ። እኔ ቤቱን አወደስሁ፣ ባለቤቱን አወደስሁ፤ ግጥም ሲያልቅብኝ ዶሮዋን፣ ድመቱን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳይቀር አወደስሁ። ዝናብ መጣ፣ እኛ ግን አላቆምንም። እሳቸው ከጓዳ "ጨምር! ገና አልበሰለም!" ይላሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ተቀባይ ሆነልኝ። በመጨረሻ በኮባ ቅጠል የበሰለች፣ እንደ አሮጌ ጫማ የተጣመመች ነገር ይዘው ወጡ። አፌን እያቃጠለኝ ገመጥኋት። ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር እስከ ዛሬ አልበላሁም! ጓደኞቼ እናቅምስ ብለው ግማሿን ወሰዱብኝ፤ በማግስቱ እናቴ ሆዴን ደጋግማ ብትነካካው ፀጥ ብሏል።

ዛሬ አብዛኞቹ ልጆች ለብር ነው የሚጨፍሩት፤ ሙልሙል ሲሰጧቸው ይተያያሉ። ለእኔም ነገር ቀሎልኛል፤ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ግሉተን የሌለው የሚል፣ ስንዴም ገብስም ያልነካው የታሸገ ዳቦ መጥቷል። እናቴ ብታይልኝ ብዬ ሆዴ ባባ። ዘንድሮ በቡሄ፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲጋግሩልኝ የኖሩት እትዬ ዘነቡ እርጅናው ስለከበዳቸው ከእንግዲህ አይድከሙ ብዬ ያንን ዳቦ ገዝቼ ሄድሁላቸው። ላስቲኩን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

"ይህን ለማግኘት ስንት ግጥም አወረድህ?" አሉኝ።

"ኧረ ምንም፣ ተገዝቶ ነው።"

"እንግዲያው ሙልሙል አይደለማ" ብለው ምርኩዛቸውን አቀበሉኝና ግድግዳውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ተልባ ሲወቀጥ ሰማሁ። ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ሳሳ ብሎ፣ "ምን ትጠብቃለህ? አውርድ እንጂ!" አለኝ።

ፀጉሬ ሸብቷል። ጎረቤት ያየኛል ሳልል በምርኩዛቸው መሬቱን መታሁና ጀመርሁ።