በችግኞቹ መሀል የቆመው ዳስ

ሰሞኑን የልጄ ልጅ የቤታችንን ፀሐይ የሚውልበት ወገን አስቆፍሮ አዲስ ተክል ሊተክልበት ተነሣ። «አባባ፣ ሎሚ ይሻላል ብርቱካን?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንደ ወደድህ» አልሁት። ጥያቄው ከብዶኝ አልነበረም። አንድ ጊዜ መልሼው ስለ ነበር ነው።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቤታችን ሐረር፣ ከከተማው ግንብ ውጭ፣ ተዳፋት ላይ ነበር። እኔ ተማሪ ነኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ነው። በዚያ ዓመት ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለውን ቁልቁለት በድንጋይ ካበው፤ የደረቀውን ጌሾ ነቅሎ አፈሩን ደለደለው። በግቢያችን ሜዳ የሚባል መሬት ያ ብቻ ሆነ።

«ምን እንትከልበት?» አለኝ።

«ብርቱካን» አልሁ። ተማሪ ቤት ግቢ አይቼ አምሮኝ ነበር።

የሎሚ ችግኝ እዚያው ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር ይሸጣል። ለብርቱካን ግን ወደ ኤረር ቆላ መውረድ ያስፈልግ ነበር። አባታችን በሕይወቱ ሳለ «ቆላ ይወረዳል እንጂ አይታደርም» ይለን ነበር። ደምሴ ሁለት ሌሊት አደረ። ስምንት ችግኝ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ በአህያ ጭኖ መጣ። ሰኔ ግም እስኪል ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር አቆየናቸው።

የተከልንበት ቀን ቅዳሜ ነበር። እንዴት ልበለው፣ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ። ጎረቤታችን ሽማግሌው አው ዑመር ካቡ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። አትክልታቸው ከእኛ ጋር ይዋሰናል።

«ደምሴ፣ ይኼ ችግኝ ነው ሙሽራ? እንዲህ ቀስ ብለህ የምታስቀምጠው።»

«ለሙሽራማ ይህን ያህል መንገድ አልሄድም» አለ ደምሴ። «ሲያፈራ የመጀመሪያውን እርስዎ ይበሉታል፤ ሁለተኛውን እማማ። ለዚህ ልጅ ልጣጩን እንሰጠዋለን።»

«ልጣጩ ይበቃዋል፣ ኢንሻአላህ።»

እናታችን የማሽላ ቂጣ ቅቤ ቀብታ ላከችልን። ደምሴ ድርሻውን ወደ እኔ ገፋ። ጠግቤአለሁ አለኝ፤ አመንሁት። ቀትር ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ጋቢውን አስመጥቶ ለበሰ። እሱንም አይቼ አፈር መመለሴን ቀጠልሁ።

ማታውኑ አንቀጠቀጠው። የቆላ ንዳድ ነበር። እሑድ ሰው መለየት ተሳነው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሞተ፤ በዚያው ቀን ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ ችግኞቹ ፊት ቆመች። «ልጄን የበሉት እነዚህ ናቸው» አለች። «ለመሆኑ ብርቱካን ያለው ማነው?»

 እኔ ከሰዉ ኋላ ፈቀቅ አልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አው ዑመር ከሁለት ሰዎች ጋር ምሰሶ አሸክመው፣ ዶማ ይዘው መጡ። ለለቅሶኛ ዳስ መጣል አለበት። ሜዳው አንድ ነው። አው ዑመር ችግኞቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ልጄ፣ ሌላ ቦታ የላችሁም። እንንቀላቸው?»

«ንቀሉልኝ» አለች እናቴ ከበሩ ሆና።

ዶማውን ከእጃቸው ተቀበልሁ። «ብርቱካን ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምን አልህ?» አለች።

ደገምሁት። ፊቷን ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ ነገሩን አላነሣችውም። ይቅር ብላኝ ይሁን ወይም መናገሩ አቅቷት፣ ዛሬም አላውቅም።

«ቆፍር» አሉኝ አው ዑመር በዝግታ። «እኔ ምሰሶውን እይዝልሃለሁ።»

አንዱንም ሳልነቅል፣ ከችግኝ እስከ ችግኝ ያለውን ባዶ መሬት እየመረጥሁ ስድስት ጉድጓድ ቆፈርሁ። አንዱ ካንዱ አልተስተካከለም። ዳሱ በአንድ ወገን ሰፋ፣ በሌላው ጠበበ፤ ጣሪያውም ዘመመ።

ረፋድ ላይ ሰው መግባት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩና «ይህን ያቆመው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ አው ዑመር። «ዓይኔ ደክሟል።»

ሽማግሌዎቹ ችግኞቹን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀመጡ። ውስጥ እናቴ ታለቅሳለች፤ ሴቶቹ ይቀበሏታል። እኔ ያን ጠዋት አላለቀስሁም። መግቢያው ላይ ቆሜ ለሚመጣው ሁሉ «በዚህ በኩል ይለፉ፤ ችግኙን እንዳይረግጡብኝ» እላለሁ። ከለቅሶኛው መሀል፣ ወንድሙ ሞቶ ይህ ልጅ ስለ ችግኝ ያስባል ብሎ የታዘበኝ አይጠፋም።