ጦስኝ የጠገበው ሹራብ

ጦስኝ እያደረቀች ቤቷ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብርም አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ያለ ሹራብ ነው የምትመጣው። ክንዷን አቅፋ አውቶቡሱን በዓይኗ ትሸኛለች እንጂ ተሳፍራ አታውቅም።

«ኧረ እትዬ፣ ሹራብሽስ?» አላት ማቆሚያው አጠገብ ያለው ባለሱቅ።

«እናቴን እየጠበቀልኝ ነው።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዓይነ ስውሯ እናቷ ግን የጦስኙ ሽታ ከአጠገቧ ከራቀ፣ «ጥላኝ ሄደች!» እያለች ሰፈሩን ቀውጢ ታደርገዋለች። ስለዚህ ልጇ ጦስኝ የጠገበ ሹራቧን እናቷ ራስጌ ሰቅላ ሹልክ ትላለች።

ዛሬም ተመልሳ በሩን ቀስ አድርጋ ገፋችው።

«ልበሺው ልጄ» አለች አሮጊቷ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። «ሁልጊዜ እጅሽ በረዶ ሆኖ ነው የምትመለሺው።»

ሴትዮዋ ሹራቡን አጥልቃ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችው።