የሰይጣን አቤቱታ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአርብ ገበያ ወዲህ ባለችው መንደራችን፣ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ማታ ማታ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ የምድጃው ጭስ ዓይናቸውን እያስነባቸው ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ እኔ ነገር በቀላሉ የማላምን ልጅ ነበርሁ፤ ቀበሮዋ እንዲህ አለች ሲሉኝ «ማን ሰማት?» እላለሁ። እናቴም «ይችስ ዳኛ ነው የምትሆን» ትል ነበር።

አንድ ዓርብ ስማቸው የሚባለው ታላቅ ወንድሜ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይበልጣል የሚባል የክፍሉን ልጅ በዱላ ፈነከተው። ጠቡ የመቀመጫ ግፊያ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስማቸውን ከትምህርት አገዱት፤ የይበልጣል ወንድሞችም መንገድ ላይ ሊጠብቁት ነው የሚል ወሬ ደረሰን። እሑድ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ተቀጠረ። ካልታረቁ ለስማቸው ትምህርቱም ቀረ፣ ከቤት መውጣቱም ቀረ። እናቴ እህል አልቀምስ አለች።

በእኛ አገር ዕርቅ ላይ ጥፋቱ የሚላከከው በሰይጣን ነው። «ሰይጣን አሳስቶት ነው» ይባላል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ይቅር መባባል ይመጣል። ያ ሰይጣን ከዚያ ሁሉ አገር የእኛን ትምህርት ቤት ለምን እንደመረጠ ግን አልገባ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ምሽት አያ ታከለ መጡ። ኩራዙ ይጨሳል፤ ስማቸው ከፍሙ ርቆ ጥግ ላይ ተኮራምቷል። ማንም ሳይለምናቸው ተረት ጀመሩ።

«ሰይጣን አንድ ቀን ዕርቅ ከሚቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ቆመና አቤት አለ። ‹ልጁ የተፈነከተ ዕለት እኔ ገበያ ነበርሁ፤ ማር ሻጮቹን ጠይቁ። የፈነከተው ልጅ ቀድሞ ተመትቶ ሲመጣ፣ ሳትመታ እንዳትገባ ብሎ ከደጅ የመለሰው አባቱ ነው እንጂ እኔ ነኝ? ወንድ ወለድሁ ብላ እልል ያለችው እናቱ ናት እንጂ እኔ ነኝ? ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር በአርጩሜ የሚለበልበው መምህሩ ነው እንጂ እኔ ነኝ?›»

አባቴ አቀረቀረ። የተባለው ሁሉ በእኛው በስማቸው ላይ የሆነ ነገር ነበርና ተረቱን ጠረጠርሁት።

«አያ ታከለ፣ ይችን ተረት ከየት አመጧት?» አለ አባቴ።

«ካባቶቼ የሰማኋት ናት።»

አላመንኋቸውም። ተረቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ተጠርቶ አንድ ሰው ብቻ እንደቀረ ታየኝ። በጥምቀት ሰሞን አያ ታከለ ከወይራ ዱላ ቆርጠው፣ ቅቤ ቀብተው፣ «በል፣ አሁን ወንድ ሆንህ» ብለው ለወንድሜ ሲሰጡት በዓይኔ አይቻለሁ።

«ዱላውንስ ማን ቆረጠለት?» አልሁ።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አያ ታከለ ዱላቸውን አንሥተው ተረቱን ሳይጨርሱ ወጡ።

እሑድ አሞኛል ብለው ይቀራሉ ብዬ ነበር። መጡ። ከእጃቸው የማይለየው ዱላ ግን አልነበረም፤ አጥሩን እየተደገፉ ነው የደረሱ። ትልቁ ሽማግሌ «መቼም ሰይጣን…» ብለው ሲጀምሩ አያ ታከለ ተነሡ።

«ሰይጣኑን ተዉት። ዱላውን ቆርጬ፣ ወንድ ሆንህ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

አባቴም ብድግ አለ። «ሳትመታ እንዳትገባ ያልሁት እኔ ነኝ» አለ። የይበልጣል አባትም ልጆቻቸውን መንገዱን እንዲለቁ አዘዙ። ዕርቁ ወረደ፤ ስማቸውም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። መምህሩ ግን «እኔ ነኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ አስተምራለሁ። ተማሪ ተደባድቦ ለስብሰባ ስንቀመጥ አንዱ ስልኩ ነው ይላል፣ ሌላው ጓደኛ ነው፣ ሌላው ዘመኑ ነው። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ስልኩም፣ ጓደኛውም፣ ዘመኑም ስብሰባው ላይ ቀርበው ስለማይመልሱ እጠረጥራለሁ፤ እዚያ ከተቀመጥነው መካከል ማን ሳይጠራ እንደቀረ ዓይኔ ይፈልጋል፤ ከራሴም ይጀምራል።

አያ ታከለንም ቢሆን እስካሁን እጠረጥራቸዋለሁ። ልባቸው ተነክቶ ነው የተናገሩት ወይስ ያች ምላሰኛ ልጅ በሰው ፊት ታጋልጠኛለች ብለው? አላውቅም። የማልጠራጠረው ከዕርቁ ስንመለስ ያየሁትን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ እጃቸው የሌለውን ዱላ ሲፈልግ፣ ስማቸው ትከሻውን አስጠጋላቸው።